የጎማ ብሎን ቁልፍ ሲጠፋ፦ ያቺ ትንሽ ብረት የት ናት?

በብዙ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ አንዲት ብረት አለች። አንዱ ጫፏ እንደ ማንኛውም ብሎን ስድስት ማዕዘን ነው። ሌላው ጫፏ ላይ ግን የአበባ ቅርጽ፣ የተጠማዘዘ መስመር ወይም ጥርስ የመሰለ ነገር ተቀርጾበታል። ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። መኪና የሚያጥበው ልጅ ወዲያ ያደርጋታል፣ ሕፃን ይጫወትባታል፣ ቤት ስናጸዳ ደግሞ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለን ከዛጉ ሚስማሮች ጋር ጣሳ ውስጥ እንጥላታለን። ጎማ በተነፈሰ ዕለት ግን ከእሷ በላይ የሚፈለግ ነገር የለም።

ይህች ብረት የባለቁልፍ ብሎን መፍቻ ናት። ጎማና ቸርኬ እንዳይሰረቅ ተብሎ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ በተለየ ቅርጽ ይሠራል። ያንን ብሎን ከእሷ በቀር ሌላ መፍቻ አይዘውም። ሌባ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ቁልፏ ስትጠፋ ባለቤቱንም የሚያስቸግረው ይኸው ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የብሎኑን ነገር የምነግራችሁ ባለሙያዎችን ጠይቄና አጠገባቸው ቆሜ አይቼ ነው። ብሎን በግድ ሲፈታ በዓይንና በእጅ ላይ የሚደርሰውን ግን በሙያዬ አውቀዋለሁ።

ሰንዳፋ መንገድ ላይ

ከደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሰን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ነው። ልጄና ባለቤቷ ከፊት፣ እኔና አራት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ከኋላ ተቀምጠናል። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ እነሱ ከገዟት ገና ስምንት ወሯ ነው። ሰንዳፋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ቀኝ ጎማ ተንፍሶ ቆምን። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ሕፃኗ ደግሞ አስም አለባት።

አማቼ ደኅና አድርጎ ነው የጀመረው። የእጅ ፍሬን ያዘ፣ ለፊት ጎማ በድንጋይ ታኮ አደረገ፣ ስኮርቱን አወረደ፣ ክሪኩን ከማቆሙ በፊት ብሎኖቹን ማላላት ጀመረ። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው ላይ መፍቻው አልይዝ አለ። ፊቱ ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው ቀጭን ቦይ አለው። መኪናዋን ገለባበጥናት፤ ቁልፍ የለም። የሸጠላቸው ሰውዬ ጋ ተደወለ። «የምን ብረት?» አለ። ከጀርባው የሚስቱ ድምፅ ተሰማ፤ «ያቺ ጣሳ ውስጥ የነበረችው? ለቁራሌው ሰጠኋት እኮ!»

አማቼ ካቻቪቴና መዶሻ አነሣ። የብሎኑን ጠርዝ እየመታ በግድ ሊያዞረው ነው። አራት አምስት ጊዜ መታው። ብልጭታ ወጣ፤ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። «ተው ልጄ፣ ዓይንህን!» አልኩት። «እማዬ፣ ሊመሽብን ነው እኮ» አለኝ። እሱም አልተሳሳተም።

ያወጣን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መኪናውን አቁሞ ወረደና ጎማውን በእጁ ዳበሰ። «ይሄ ሚስማር ነው። ለምን ታወልቁታላችሁ? ንፋስ ልስጣችሁና ሂዱ» አለ። ከራሱ መኪና የንፋስ በርሜል ረጅም ቱቦ ስቦ ሞላልን። የላሉትን ሦስት ብሎኖች መልሶ አጠበቀ። «ሚስማሩን እንዳትነቅሉት፤ እሱ ነው የደፈነላችሁ» ብሎ ከኋላችን መብራቱን አብርቶ ሰንዳፋ ድረስ ሸኘን። እዚያ ያለ ጎሚስታ ጎማውን ሳያወልቅ፣ መኪናዋ ላይ እንዳለ፣ ሚስማሩን ነቅሎ ቀዳዳውን ደፈነው። ሌሊት ሳይሆን ቤታችን ገባን።

ከዚያ ሾፌር የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ስለ ብሎኑ ከመጨነቃችሁ በፊት ጎማው የግድ መውለቅ እንዳለበት ጠይቁ። የዛሬ መኪኖች አብዛኞቹ ከነመዳሪ የሌለው ጎማ ነው ያላቸው። መንገድ በሚረግጠው ክፍል ላይ ሚስማር ገብቶ በዝግታ የሚተነፍስ ከሆነ ንፋስ ተሞልቶ ቅርብ ወዳለ ጎሚስታ ሊደርስ ይችላል። ከመኪናው የመብራት ሶኬት ኃይል የምትወስድ ትንሽ የንፋስ መሙያ በመኪና ውስጥ መያዝ ለዚህ ትጠቅማለች። ጎማው በጎኑ ከተቀደደ ወይም ጨርሶ ከፈነዳ ግን ንፋስ አያድነውም። በተነፈሰ ጎማ መንዳትም ጎማውንም ቸርኬውንም ይጨርሰዋል።

ሁለት ዓይነት ብሎን

ሁላችንም ብሎን እንላለን እንጂ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ቶዮታ ባሉ የጃፓን መኪኖች ላይ ከጎማው ማቆሚያ የወጡ ጥርስ ያላቸው ዘንጎች አሉ፤ በእነሱ ላይ ዳዶ ይታሰራል። እንደ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ባሉ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን ብሎኑ ራሱ ቸርኬውን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ የሚታየው ሥራው ሲበላሽ ነው። በጃፓኑ ዓይነት ዘንጉ ቢሰበር በመዶሻ ወጥቶ በሌላ ይተካል። በአውሮፓው ዓይነት ግን የሚቦረቡር ሰው እጁ ከሳተ ብሎኑ የሚገባበትን የብረት ጥርስ ያበላሻል፤ ያ ደግሞ ውድ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ስለተከለከለ ብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ጀምሯል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርት ጎማ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። ባትሪያቸው ከወለላቸው ሥር ስለሆነ ክሪክ የሚደገፍበትም ቦታ የተወሰነ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ጎማ ሳይተነፍስ አንብቡት።

መጀመሪያ ፍለጋ

ጎሚስታዎች እንደሚሉት ጠፋች ከምትባለው ቁልፍ ብዙዋ መኪናው ውስጥ ናት። በችኮላ ሳይሆን በሥርዓት ይፈለግ።

የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ምንጣፉን አንሡ። ስኮርት ጎማው የተቀመጠበትን ጉድጓድ፣ ጎማውንም አውጥታችሁ ከሥሩ እዩ። ክሪኩና መፍቻው የተቀመጡበት ስፖንጅ ውስጥ ለእሷ ተብሎ የተቀረጸ ትንሽ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ አለ። ከዚያ ከፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን፣ የበሮቹን ኪስ፣ በወንበሮቹ መካከል ያለውን ሳጥን፣ የወንበሮቹን ሥር ፈልጉ። በትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ሳጥን ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ለዓመታት አልተከፈተም የተባለ ከረጢት ካለ እሱን ክፈቱት።

ካልተገኘች ለመጨረሻ ጊዜ ጎማ ያሠራችሁበት ቦታ ደውሉ። ሠራተኛው ብሎኑን ፈትቶ ሲያስር ቁልፏ መፍቻው ጫፍ ላይ እንደተሰካች ትቀርና ቀጣዩ መኪና ይመጣል። በዚያ ቤት አንድ ጣሳ ሙሉ የሰው ቁልፍ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ወረቀት ነው። አንዳንድ አምራቾች ከቁልፏ ጋር ቁጥር ወይም ፊደል የተጻፈበት ካርድ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ኮዱን ቁልፏ ላይ ራሷ ላይ ይቀርጹታል። ኮዱ ከተገኘ በእሱ ሌላ ቁልፍ ማስመጣት ይቻላል። መኪናው አዲስ ከሆነ ወይም አስመጪው እዚሁ ካለ እሱን ጠይቁ። በተለይ የአውሮፓ መኪና ጥገና የሚሠሩ ጋራዦች የአንዱን አምራች ቁልፎች በሙሉ ስብስብ ይይዛሉ፤ አንድ በአንድ እየሞከሩ ልኩን ያገኙታል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ምንም ሳይሰበር ያልቃል። ጎማችሁ ደኅና ከሆነና ካልቸኮላችሁ ይህን መንገድ ምረጡ።

ጎሚስታው እንዴት ፈታው

የእኛዋ ቁልፍ በቁራሌው በኩል ምናለሽ ተራ ገብታ ምን እንደተሠራባት ስለማይታወቅ፣ ልጄ በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ሰፈራችን ወዳለ ጎሚስታ ወሰደቻት። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲያገላብጥ የኖረ ነው። የሰፈር ሰው ስለሆነ «ሲስተር» ይለኛል። ብሎኑን ከማየቱ በፊት ልጄን «ሊብሬውን አሳዪኝ» አላት። ለማያውቀው መኪና ባለቁልፍ ብሎን በግድ እንደማይፈታ ነገረን። ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ስታገኙ አትቀየሙ፤ ነገ የእናንተን መኪና ሌላ ሰው ቢያመጣለትም ይጠይቅላችኋል።

ሥራውን በትዕግሥት ነበር የሠራው። መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ እንደቆመች ታኮ አደረገ። ክሪክ የሚገባው ብሎኑ ከላላ በኋላ ነው። ጎማው በአየር ላይ ከሆነ ይሽከረከራል፤ ክሪክ ላይ ባለ መኪና ላይ በኃይል መጎተትም መኪናውን ከክሪኩ ይጥለዋል። ቀጥሎ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጨበት። ዘይቱ ወደ ፍሬኑ እንዳይደርስ ጥቂት ብቻ ነው ያደረገው። «አሁን ሻይ እንጠጣ» አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ብሎኖች ፈታ ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ትንሽ አጠበቃቸው። ለምን ስለው፣ «ጎረቤቶቹ ሸክሙን ሲይዙለት እሱ ይቀለዋል» አለኝ። ሦስቱ ቀድመው ከላሉ ያ አንዱ ቸርኬውን ለብቻው ስለሚይዝ ይብስ ይጠብቃል። ቁልፏ እያለችም ቢሆን ባለቁልፉ ብሎን መጀመሪያ የሚፈታ፣ መጨረሻ የሚታሰር ነው።

መሣሪያው ብሎኑ ላይ የሚለበጥ ክብ ቁልፍ፣ ቡሶላ የሚሉት ነው። የዚህኛው ውስጡ ግን ወደ ግራ የተጠማዘዘ ስለት አለው። ከብሎኑ ጥቂት ጠበብ ያለውን መርጦ ቀጥ ባለ ምት ሦስት ጊዜ በመዶሻ መታና አስገባው። ረጅም እጀታ ሰካበትና በመንደርደር ሳይሆን ቀስ በቀስ ኃይል እየጨመረ ወደ ግራ ገፋ። ስለቱ ብሎኑ እየተጎተተ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይነክሰዋል። ትንሽ ቆይቶ «ቋ» አለና ላላ። ብሎኑ መሣሪያው ውስጥ ተቀርቅሮ ስለሚቀር በሞርሳ ይዞ በዘንግ መትቶ አወጣው። ሦስቱን ጎማ በዚህ መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሌላቸው ጎሚስታዎች ያረጀ ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ ቡሶላ፣ ከብሎኑ ትንሽ ጠበብ ያለውን፣ በመዶሻ አስገብተው በዚያው መንገድ ይፈታሉ። ይህም ይሠራል፤ ቡሶላው ግን ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ላይሆን ይችላል። ውጪው ቀለበት ለብቻው የሚሽከረከር ባለቁልፍ ብሎንም አለ። እሱን መሣሪያው ሊነክሰው ሲሞክር ቀለበቱ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀለበቱ መነሣት አለበት። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

አራተኛው ጎማ ሰንዳፋ መንገድ ላይ በመዶሻ የተመታው ነው። ጠርዙ ስለተበላሸ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ጎሚስታው ሦስተኛ አልሞከረም። «ይሄን በትራፓኖ የሚያወጣ ሰው ጋ ውሰዱት» አለን። ጋራዥ ውስጥ አንድ መካኒክ ለጠንካራ ብረት በተሠራ መብሻ፣ በዝግታ፣ ዘይት እያንጠባጠበ ዳዶውን በስቶ ከፈለው። ዘንጉ ስለተነካ እሱም ተቀየረ። ግማሽ ቀን ወሰደ። ከአራቱ ጎማዎች ብዙ ገንዘብና ጊዜ የወሰደው፣ መንገድ ላይ በግድ ሊፈታ የተሞከረው እሱ ነበር።

እነዚህን አትሞክሩ

በቤትም በመንገድም ላይ በካቻቪቴና በመዶሻ ብሎኑን እየመታችሁ ለማዞር አትሞክሩ። ብሎኑ የተሠራው በጠንካራ ብረት ነው፤ ከብሎኑ ይልቅ ካቻቪቴው ይሰበራል፣ ካልሆነም ቸርኬው ይቧጠጣል።

ዳዶው ላይ ሌላ ብረት በይዶ መፍታት አንዳንድ ጋራዥ የሚጠቀምበት ዘዴ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዳለ ግን አደገኛ ነው። ጎማ ከውስጡ ሲግል ጋዝ ይፈጠራል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ ሊፈነዳና አጠገቡ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። «ትንሽ ብቻ ነው የምነካው» ቢላችሁ አይሆንም በሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይማ የመኪናውን አሠራር የማያውቅ ሰው ብየዳ እንዳያነሣ።

ጎማ አጠገብ በመቁረጫ ድንጋይ መቁረጥም እንደዚሁ ነው። ፍንጣሪው ጎማውን፣ የፍሬኑን ቱቦና የሰውን ዓይን ይለበልባል።

ቁልፏ እያለችም ብሎኑ በንፋስ ኃይል በሚሠራው መፍቻ እንዳይፈታና እንዳይታሰር ንገሩ። ቁልፏን የሚሰብራት፣ ቅርጿን የሚያበላሻትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በእጅ ይላላ፣ በእጅ ይጥበቅ።

ዓይን፣ እጅ፣ ወገብ

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ብረትን በብረት ስንመታ ዓይን የማያየው ስባሪ ይፈናጠራል። ወደ ዓይን ከገባ ብዙ ላያም ይችላል፤ ትንሽ ቁርጥማት፣ ትንሽ መቅላት ብቻ ይሆናል። ሰውዬው አሽቶ ይተወዋል። ብረቱ ዓይን ውስጥ ከቀረ ግን ይዝጋል፤ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍልም ያበላሻል። ስለዚህ መዶሻ የሚይዝ ሁሉ መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ አጠገቡም ሰው አይቁም። ብረት ሲመታ ቆይቶ ዓይኑ የቆረቆረው ሰው ባያመውም በዚያው ቀን ዓይኑን ይታይ። እንዳይታሽ። የተሰካ ነገር ካለ እንዳይነቀል። ዓይኑን ሳይጫን ከላይ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እጅ ሲቆረጥ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው። ናፍጣና ቤንዚን ቁስል ላይ አይደረግም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። የሚያመጣው አፈርና ፍግ ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው፤ የመንገድ ዳር ጎማና ብሎን ደግሞ ያንን አፈር ለብሶ ነው የሚመጣው። እናቶች በእርግዝና ክትትል የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያገኛሉ፤ አባቶች ግን ያ አጋጣሚ የላቸውም። ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ የነካው ከሆነና የመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈው፣ ወይም መቼ እንደሆነ ካልታወቀ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

አያቶች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ ለብቻ እናገራለሁ። የጠበቀ ብሎን ትንፋሽ ይዞ መጎተት የደም ግፊትን በአንዴ ከፍ ያደርጋል፤ ወገብንም ቡአንም ይቀሰቅሳል። የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያላችሁ፣ ለወጣት መፍቻውን መስጠት ነውር የለውም። መፍቻ ላይ ወጥቶ መዝለልን ለማንም አልመክርም፤ መፍቻው ሲያመልጥ ቁርጭምጭሚት ይሰበራል።

ሕፃናት መኪናው ውስጥ አይቀመጡ፤ በመንገዱ በኩልም አይቁሙ። ከመንገዱ ራቅ ብለው ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ይቁሙ። ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ ከኋላ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም። ከባድ ጉዳት ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከተፈታ በኋላ

አንዱን ብሎን ፈትታችሁ ሦስቱን ጎማ «ሌላ ጊዜ» አትበሉ። ቁልፏ ከሌለች አራቱም በአንድ ቀን ይፈቱና በተራ ብሎን ይተኩ፤ ወይም ከነቁልፉ አዲስ ስብስብ ይገዛ። ሶማሌ ተራ ከሄዳችሁ የድሮውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ፣ ሾጣጣም ሆነ ሉል ወይም ጠፍጣፋ፣ ልክ መሆን አለበት። ያልተስማማ ብሎን የጠበቀ ይመስልና መንገድ ላይ ይላላል። ቪትዝን በመሰለ ባለ አራት ብሎን መኪና በሦስት ብሎን «እስከ ነገ» ማለት የለም።

ማጥበቂያውም ልክ አለው። ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ማለት ነው። የሌላ መኪና ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ብሎኖቹ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተዘለለ ይጠብቃሉ። ዘንጉ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ አይቀባም፤ ልኩን ያሳስታል። ጎማ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና ይታይ።

ይህን ሁሉ ጽፌ «ለሌባ ማስተማር አይሆንም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ሌባው መሣሪያውን ያውቀዋል። እሱን የሚያግደው ድምፁና የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑ ጥቅም አለው። ይህን የማያውቀው መንገድ ዳር የቆመው ቤተሰብ ነው።

በዚህ ቅዳሜ

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ከሊብሬው ጋር አራት ነገር በዓይናችሁ እዩ፦ ስኮርቱን፣ ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውንና ባለቁልፍ ብሎን ካለ ቁልፏን። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊት ቁልፏን ብሎኑ ላይ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከመኪናው ጋር የመጣች ሁሉ የዚያው መኪና አይደለችም።

መኪና ያላችሁ ደግሞ በዚህ ቅዳሜ ልጆቹንና አያቶቹን ጠርታችሁ መኪናው ዙሪያ ዙሩ። በአራቱም ጎማ የተለየ ፊት ያለው ብሎን ካለ ቁልፏን ፈልጉና ለሁሉም በእጃቸው አስይዟቸው። ኮዱን ከመኪናው ውጪ፣ ቤት ባለው የሰነድ ፋይል ውስጥ ጻፉት። ቁልፏን በቀይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከክሪኩ ጋር እሰሯት፤ በጨለማም ትታያለች፣ ከዛጉ ሚስማሮች ጋርም አትደባለቅም። ጎማ በሚሠራበት ቀን ቁልፏን የሚሰጥና የሚቀበል አንድ ሰው ይሰየም። ከጎሚስታው ስትነሡ መኪናው ከመነሣቱ በፊት «ቁልፏስ?» ብሎ የሚጠይቅም እሱ ይሁን። በእኛ ቤት ይህ ሥራ ለልጅ ልጄ ተሰጥቷል። እስካሁን አንድም ቀን አልረሳችም።